ስንገዛም ስንሸጥም ሚዛኑ አንድ ይሁን

የሠርግ ወቅት ሲገባ የወርቅ ነገር በየቤቱ ይነሣል። ይህን ገጽ የምናዘጋጀው ሰዎችም ከሌላው ቤት የተለየን አይደለንም። በዚህ ሳምንት የምንጽፈው ከራሳችን ቤት ስለወጣ ጉዳይ ነው።

ከመካከላችን የአንዳችን እናት በቂርያት ማላኺ ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው ገደራ ውስጥ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። እሳቸውም ባዶ እጄን አልሄድም አሉ። ልጆቻቸውን ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ከበዳቸው። ስለዚህ ከሣጥናቸው አንድ የወርቅ አምባር አወጡ። ወደ እስራኤል ከመምጣታቸው በፊት ወላጅ እናታቸው በጎንደር ከተማ ከአንድ ወርቅ ጥንድ አሠርተው፣ አንዱን ለእሳቸው፣ ሌላውን ዛሬ ያቭኔ ለሚኖሩት ታናሽ እህታቸው የሰጧቸው ነው። ለማንም ሳይነግሩ ወርቅ ወደሚገዛ ሱቅ ይዘውት ሄዱ። ሰውየው «ሳቭታ፣ ቁጭ በይ» ብሎ ውኃ አቀረበላቸው። አምባሩን ሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ 12 ግራም ሆነ። «14 ካራት ነው» አለ። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣቸው። ወረቀት አልሰጠም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በዚያው ገንዘብ ከሌላ የአሮጌ ጌጣ ጌጥ ሻጭ የሙሽራዋን ስጦታ ገዙ። ልጅቱ አስቀድማ በስልኳ ሥዕል አሳይታቸው ነበር፤ የዛሬ ወጣቶች አሮጌ ነገር ይወዳሉ፣ «ቪንቴጅ» ይሉታል። የወደደችው ካሜዮ የሚባለውን ነው። ለማያውቁት አንባቢዎቻችን፣ ካሜዮ ማለት በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም በድንጋይ ላይ ጎልቶ የተቀረጸ ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች ሴት ናት። ቅርፊቱ ከላይ ነጭ፣ ከሥር ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ድርብርብ ስለሆነ፣ ቀራጩ ነጩን እየፋቀ ምስሉን ያወጣዋል። ዙሪያውን የወርቅ ክፈፍ ይደረግለትና በልብስ ላይ በመርፌ ይሰካል፣ ወይም በሰንሰለት ይንጠለጠላል። በጣሊያን በናፖሊ አጠገብ ቶሬ ዴል ግሬኮ የምትባል ከተማ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚህ ሥራ ነው።

ሻጩ ይህንን ጌጥ መዘነው። 12 ግራም! እናትም ደስ አላቸው። «ያንን ሰጥቼ ይህን ተቀበልኩ፤ ክብደቱ እኩል ነው» አሉን በኋላ።

እስቲ አብረን እናስላ። ከካሜዮው ጀርባ 375 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ይህ ማለት ከ1000 እጅ 375ቱ ብቻ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 9 ካራት የሚባለው ነው። ከ12 ግራሙ ደግሞ ወደ 8 ግራም የሚሆነው ቅርፊት ነው። የቀረው ክፈፍ 4 ግራም፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ 1 ግራም ተኩል። የአምባሩስ? ያቭኔ ያለው ጥንዱ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሲፈተን 21 ካራት ሆኖ ተገኘ። 21 ካራት ማለት 875 ነው። ስለዚህ በ12 ግራሙ አምባር ውስጥ 10 ግራም ተኩል ንጹሕ ወርቅ ነበረ። ገዢው በ14 ካራት ሒሳብ፣ ማለትም በ585፣ የከፈለው ለ7 ግራም ብቻ ነው። ሦስት ግራም ተኩል የሚሆን ንጹሕ ወርቅ በአንድ ቃል ጠፋ። ተመልሰን ስንጠይቅ አምባሩ ቀልጧል ተባልን። ወረቀት ስለሌለን የምንከራከርበት ነገር አልነበረንም።

እኛን ያናደደን ግን ሌላም ነገር አለ። ስንሸጥ ገዢው ድንጋዩን፣ መቆለፊያውን፣ ክሩን ሁሉ ከሚዛኑ ያወጣል፤ ደግሞም ልክ ነው። ስንገዛ ግን ቅርፊቱም፣ ድንጋዩም፣ የብረት መርፌውም አብሮ ይመዘናል፤ «ይህን ያህል ግራም ወርቅ» ይባላል። ስንገዛ ድንጋዩም ወርቅ ነው፤ ስንሸጥ ወርቁም ድንጋይ ነው።

ይህን ስንል ካሜዮ መግዛት ሞኝነት ነው ማለታችን አይደለም። እናታችንም በዚያ አልተታለሉ ይሆናል። ጥሩ ካሜዮ በእጅ የተቀረጸ ከሆነ ዋጋው በቀራጩ እጅ እንጂ በወርቁ አይደለም፤ ወርቁን ብቻ ያየ ሰው ዋጋውን አያውቀውም። ጥፋቱ የሚሠራው ለእጅ ሥራ የምንከፍለውን ለወርቅ የከፈልን ሲመስለን ነው። ነገ ልሽጠው ስትል ሙሽራዋ የምታገኘው የ1 ግራም ተኩሉን ዋጋ ሊሆን ይችላል። ይህንን አውቀን «ያምራልና እንግዛው» ካልን የፈቃዳችን ነው።

የሚገዛ ሰው ካለ ደግሞ እንዲህ ያድርግ። ካሜዮውን ወደ መብራት አንሥተው ይዩት፤ የቅርፊት ከሆነ ብርሃን በስሱ ያሳልፋል፣ ጀርባውም እንደ ቅርፊቱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። የድንጋይ ካሜዮ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት በሴትዮዋ ፀጉርና አፍንጫ ዙሪያ የመቅረጫው ጭረት መታየት አለበት። ሁሉም ለስላሳ፣ ጠርዙ ሁሉ ክብ ክብ ከሆነ፣ በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ፕላስቲክ መሆኑን ይጠርጥሩ። በጋለ መርፌ ወጋ አድርጎ መፈተን የሚባለውን ግን አይሞክሩ፤ እውነተኛውንም ያበላሻል። ማግኔትም ብዙዎች ይይዛሉ። ማግኔት የሳበው ነገር ወርቅ አይደለም፣ እሱ እውነት ነው፤ ያልሳበው ሁሉ ግን ወርቅ አይደለም፤ ነሐስንም መዳብንም አይስብምና። ቁጥር በሌለበት ቦታ «ጂ ኤፍ» ወይም «ጂ ፒ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካዩ ደግሞ በላዩ ወርቅ የተለበጠ ነው።

«ጥንታዊ» የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ በዓለም የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ አንቲክ የሚባለው 100 ዓመት የሞላው ነው። ቪንቴጅ የሚባለው ደግሞ ሀያ ሠላሳ ዓመትም ቢሆነው ይባላል። በያፎ በሹክ ሃፒሽፔሺም ሁሉም ነገር የአያት ነው። ሻጩ «100 ዓመት» ካለዎት፣ ያንኑ ቃል በቃባላው ላይ ይጻፈው፤ ካራቱን፣ ድንጋዩ ሳይቆጠር የወርቁን ክብደት፣ የሚመለስበትንም ሁኔታ አብሮ። በአፉ ያለውን በወረቀት ለመጻፍ የሚያመነታ ሰው መልሱን ሰጥቶዎታል።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። ከኦገስት 2022 ጀምሮ ከነጋዴ ጋር የሚደረግ ግብይት ከ6000 ሸቀል በላይ ከሆነ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው ከዋጋው 10 በመቶውን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከ6000 ማለፍ የለበትም። ይህ ለገዢም ለሻጭም ነው። የ20 ሺህ ሸቀል የሠርግ ወርቅ ለመግዛት ከፍራሽ ሥር የተቀመጠውን ገንዘብ ተሸክመው የሚሄዱ አባቶች ይህን ይወቁ። ሌላው፣ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሓዳሽ፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ በስልክ ወይም በኢንተርኔት፣ አለዚያም ሻጩ ቤቱ ድረስ መጥቶበት ከገዛ፣ በ4 ወር ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል፤ ለሌላው ሰው 14 ቀን ነው። ለእሱ ተብሎ በልኩ ወይም በስሙ የተሠራ ዕቃ ግን አይመለስም። ራሳችን ሱቅ ገብተን ስንገዛ የ4 ወሩ መብት የለም፤ ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚቆረቁረን ነገር እንግባ። በየሣጥናችን ያለው ከወርቁ ይልቅ ብሩ ነው። ድሪው፣ አልቦው፣ የፀጉሩ ወለባ፣ ሎቲው። ብዙው የተሠራው ማርያ ቴሬዛ ከምንለው ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ጠገራው ራሱ ግን ያሳስታል። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ስላለ ብዙ ሰው የ240 ዓመት ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ብዙ አገሮች በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመቱት ኖረዋል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ ማንም ሰው «የ1780 ብር» ብሎ በውድ ቢያቀርብልዎ አይቸኩሉ። ከዚህ ብር ጎንደር ውስጥ አንጥረኛ የሠራው ድሪ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚመታ ማሽን የለም።

እናቶቻችን በሱዳን መንገድ ጌጣቸውን ለውኃና ለዳቦ እንደለወጡ፣ ሽፍታም እንደቀማቸው ነግረውናል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ ደግሞ የሚያዘው ሻንጣ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ጥቂቱ ዛሬ በግራም ተመዝኖ ይቀልጣል። የወርቅ ዋጋ በ2025 ወቄቱ ከ4000 ዶላር በላይ ከሆነ ወዲህ «ወርቅና ብር እንገዛለን» የሚለው ማስታወቂያ ሲበዛ እያየን ነው። (ይህ የዓለም ገበያ ወቄት 31 ግራም ነው፤ የአባቶቻችን ወቄት 28 ግራም ገደማ ስለነበር እንዳይምታታ።)

የየመን አይሁዶችን እንይ። በ1949 እና በ1950 ሲመጡ እነሱም ብዙ ጌጥና መጽሐፍ ጠፍቶባቸዋል። ነገር ግን ከእነሱ ቀድመው የመጡ አንጥረኞች በኢየሩሳሌም በ1906 በተከፈተው በበጻልኤል ትምህርት ቤት ሥራ አግኝተው ነበር። የሥራቸውም ስም ታወቀ። ባውሳኒ፣ ባዲሒ የሚሉት የአንጥረኛ ቤተሰቦች ስሞች እስከ ዛሬ የጌጥ ዓይነት መጠሪያ ናቸው። ስለዚህ የየመን ብር ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው በግራም ብቻ አይከፈለውም። የእኛ ድሪ ከዚያ የሚያንሰው በእጅ ሥራው ይመስለናልን? አይመስለንም። የሚያንሰው ማን ሠራው፣ የት፣ ለማን ሠርግ የሚለውን የጻፈ ሰው ስለሌለ ነው። በአሮጌ ጌጥ ንግድ ከግራሙ በላይ የሚከፈለው ለዚህ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለልጆች ሥራ የሚጨነቁ ወላጆችን እንጠይቅ። አባቶቻችን ጎንደር ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ ቡዳ ተብለው ተሰድበዋል። ከዚያ የተነሣ ይመስለናል፣ ልጃችን «ጾርፉት ልማር» ሲል ፊታችን የሚጠቁረው። የጌጣ ጌጥ ሥራ ዛሬ በኢየሩሳሌም በበጻልኤል፣ በራማት ጋን ደግሞ በሸንካር በዲግሪ ይሰጣል። መዶሻውን የሰደቡት ሌሎች ነበሩ፤ እኛ ደግመን ልንሰድበው አይገባም። በየሠርጋችን የምንገዛውን ጌጥ ከእኛ ልጆች አንዱ እንኳ ቢሠራው፣ ቢያንስ ካራቱን በአማርኛ የሚነግረን ሰው እናገኝ ነበር።

መሸጥ ያለበት ይሸጣል። ችግር አለ፣ ዕዳ አለ፣ አናፍርበትም። ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ሱቅ ይጠይቁ፤ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ይዙር፤ ካራቱ ፊትዎ ላይ ይፈተን፤ በ14 እና በ21 መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለሚፈልግ ወርቅ ሠሪ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ብቻዎን አይሂዱ። «ልጆቼን ላላስቸግር» የሚለው አነጋገር ስንት ግራም እንዳስከፈለን ከላይ ጽፈነዋል። የሚሸጠውንም ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሡት፣ የፊቱንም የጀርባውንም።

ባለፈው ሳምንት ያቭኔ ወደሚኖሩት አክስት ሄደን ነበር። የቀረውን አምባር ጠረጴዛ ላይ አድርገን፣ ስልክ ከፍተን፣ የሚያስታውሱትን እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። አምባሩ የተሠራው ከመከር በኋላ ነው። ወርቁ የተገዛው ሁለት በሬ ተሸጦ ነው። አንጥረኛው አንድ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበረው፤ ልጆቹን ሲሠራ አጠገቡ አያስቀምጥም ነበር። «ስሙን ግን...» ብለው ቆሙ። ረስተውታል። ለእህታቸው ወደ ቂርያት ማላኺ ሊደውሉ ስልኩን ከእጃችን ወሰዱት።