«ለአላህ ሰጥተነዋል» ከማለታችን በፊት

በ2005ቱ ዒድ አል ፈጥር፣ ነሐሴ 2፣ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ዱላ የተቀጠቀጡ ወንድሞችና እህቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቁስሉ የዳነለት አለ፣ ያልዳነለትም አለ። ስለ ካሳ ስናነሳባቸው ደጋግመን የምንሰማው መልስ «ለአላህ ሰጥተነዋል» የሚል ነው።

መልሱን እናከብራለን። አውፍ ማለት የተበዳይ መብት ነው። ነገር ግን ይቅር ብሎ ዝም ማለትና ተስፋ ቆርጦ ዝም ማለት ይለያያሉ። ዛሬ ያነሳነው ጉዳዩ የጊዜ ገደብ ስላለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ለእንዲህ ያለ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበትን ጊዜ በ2 ዓመት ይገድባል። የዚያ ዒድ ጉዳት ነሐሴ 2፣ 2007 ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ ረዥሙ ይሠራል፤ በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ግን ለመንግስት ጠበቃ መከራከሪያ ማቀበል ነው።

ማን ይከሰስ? በአንቀጽ 2126 መሠረት ጉዳት ያደረሰው ሠራተኛ ራሱ ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግስትም ይጠየቃል። መንግስት «የግል ጥፋቱ ነው» ብሎ እንዳያመልጥ ሁለቱንም መክሰስ ይሻላል። ችግሩ የመታንን ፖሊስ ስም ብዙዎቻችን አናውቅም።

«በዚህ ፍርድ ቤት ነው ፍትሕ የምታገኙት?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ኮሚቴዎቻችን በማዕከላዊ የደረሰባቸውን ግፍ ለችሎት ሲናገሩ ምን እንደተከተለ አይተናል። ዛሬ የሚያሸንፍ ክስ ነው አላልንም። ነገር ግን ውድቅ የተደረገ አቤቱታም ቁጥርና ማኅተም ይኖረዋል። ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ የማሰቃየት ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ ደንግጓል። ያ ቀን ቢመጣ ዳኛው የሚጠይቀው ወረቀት ነው።

ስለዚህ የሐኪም ወረቀት ያላችሁ ቅጂ አውጡ፤ የሌላችሁ የታከማችሁበት ጤና ጣቢያ ካርዳችሁን ጠይቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተወሰዳችሁበትን ጣቢያ፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ሳትረሱ ጻፉ። ሁሉን በአንድ ቤት አታስቀምጡ፤ ፍተሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። የደረሰባቸውን ለወንድ መናገር የሚከብዳቸው እህቶቻችን ቃላቸውን ለሚያምኗት እህት ይስጡ፤ እሷ ትጻፍላቸው፣ እነሱ ይፈርሙ።

ድምፃችን ይሰማ!