መሲንቆ በአዝራር አይመታም

በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ሠርግ የሚደግስ ሰው አዝማሪ መጥራቱን ትቶ ኪቦርድ ተጫዋች ሲቀጥር የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኪቦርዱ ውስጥ መሲንቆም፣ ክራርም፣ ዋሽንትም አለ»። ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ከስማዳ እስከ ባሕር ዳር ስቱዲዮዎች ድረስ ይህን አባባል የሚሞግት ጠፍቷል። እኔ ግን ሐሰት ነው እላለሁ። ኪቦርዱ ውስጥ መሲንቆ የለም። ያለው አንድ ሰው አንድ ቀን የመታው ድምፅ ተቀድቶ፣ በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

መሲንቆን መሲንቆ የሚያደርገው ክፍት ሆዱ ነው። በማዕዘኑ የቆመ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱ ቆዳ ተወጥሮበታል፣ በላዩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያልፋል። የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ዕጣን ካልተቀባ አይናገርም። አዝማሪው ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። አንቺሆዬን ከጥሩ አዝማሪ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። የዚያ ቅኝት ጣዕም ያለው በጠባቦቹ ርቀቶች ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ እያንዳንዷን ጎትቶ ከቅርቧ ቁልፍ ላይ ያስቀምጣታል። ቆዳውስ? ከጉና ተራራ በኩል ጭጋግ ሲወርድ ይላላል፣ እሳት ዳር ሲያዝ ይወጠራል፤ አዝማሪው በየሰዓቱ እያዳመጠ ይቃኘዋል። እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ድምፅ ተቀድቶ ሲቀመጥ የሚቀረው ጥቂት ነው።

«ድምፁ ትንሽ ነው፣ ለትልቅ ዳስ አይበቃም፣ ማይክ ሲጠጋው ይጮኻል» ይባላል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ የመሲንቆ ብቻ ግን አይደለም። ሆዱ ክፍት የሆነው ኤሌክትሪክ ጊታርም ይህንኑ ፈተና አሳልፏል። ጊታር ሠሪው ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ኢኤስ 150 የተባለውን፣ በ1949 ደግሞ ኢኤስ 175ን ሲያወጣ ሁለቱም ውስጣቸው አየር የሞላ ሳጥን ነበሩ። ድምፁ ከፍ ሲል ከስፒከሩ የወጣው ተመልሶ ሳጥኑን ያናውጠዋል፣ ጊታሩም ያፏጫል። በ1950 ሌላው ጊታር ሠሪ ፌንደር ከድፍን እንጨት የተሠራ ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ የክፍቱ ሳጥን ዘመን ያበቃ ይመስል ነበር። አላበቃም። ጊብሰን በ1958 ኢኤስ 335ን አመጣ፤ መሐሉ ላይ ድፍን ግንድ ገባ፣ ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ቀረ። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢ.ቢ. ኪንግ ደግሞ የጊታሩን ቀዳዳዎች በጨርቅ ይወትፍ ነበር። ጩኸቱን መላ መቱለት እንጂ ሳጥኑን አልጣሉትም። ዛሬም የዚያ ዘመን ጊታሮች በውድ ዋጋ የሚፈለጉት ለጌጥ ብቻ አይደለም። እንጨቱና በውስጡ ያለው አየር ለእያንዳንዱ ምት የሚሰጡት መልስ ድፍኑ ላይ ስለማይገኝ ነው።

እኛም ከዚህ የሚያንስ ታሪክ የለንም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ጀርመን ሄደው ያስቀረጹት ዘፈን በመሲንቆ የታጀበ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ክራርና መሲንቆ ተጫውቶ ነው ወደ ሳክስፎን የተሻገረው፤ ሽለላውን በሳክስፎን ሲያወጣው አዲስ ነገር ተፈጠረ። ዘመናዊ መሣሪያን የምቃወም የሚመስለው አንባቢ ካለ ጌታቸውን ይስማ። የእሱ ሳክስፎን ከመሲንቆ ቤት ተምሮ የራሱን ቃል ተናገረ፤ መሲንቆ ነኝ አላለም።

ኪቦርዱ የነገሠበትን ምክንያት አውቃለሁ። በደርግ ዘመን ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የሌሊት መድረኩን አዳከመው፤ በኋላም ትልልቆቹ ባንዶች ሲመናመኑ የብዙ ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ተረፈ። ለደጋሹም ርካሽ ሆነ። ድሃ ቤተሰብ አቅሙ የፈቀደለትን ቢያደርግ አልወቅስም። የምወቅሰው አቅም እያለው «አዝማሪ ኋላ ቀር ነው» የሚለውን፣ አዝማሪነትን እንደ ስድብ የሚቆጥረውን፣ በኪቦርድ የተሠራ ዘፈን ላይ «ባህላዊ» ብሎ የሚጽፈውን ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ በዳሱ ውስጥ የሚሆነው ነው። የሙሽራው አክስት ብድግ ብለው «ተቀበል!» ይላሉ። ስንኙን እያሰቡ ትንሽ ዘግየት ይላሉ። አዝማሪ ቢሆን ደጋኑን እያለሳለሰ ይጠብቃቸዋል፤ ቃሉ ሲወጣ ይቀበላል፣ ያሳምረዋል፣ ለሙሽራው ይመልሰዋል። ኪቦርዱ ላይ የተጫነው ምት ግን አይጠብቅም። ሞንታርቦው ይደልቃል፣ ኢኮው ቃላቸውን ያላምጠዋል፣ እሳቸውም ግጥሙን ሳይጨርሱ ይቀመጣሉ። የጋይንት ሰው በስንኝ ይመራረቅ፣ ይወቃቀስ፣ ሙት ያነሣ የነበረው በዚያች በሚጠብቀው መሲንቆ ነው።

ይህ የሚሆነው ደግሞ የትም አይደለም፤ ድምፅን አጥብቆ በሚመረምር አገር ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። የአብነት ተማሪ እዚያ ዓመታት ተቀምጦ፣ እያንዳንዷ ዜማ ተፈትናበት፣ መምህሩ ካልመሰከሩለት አስተማሪ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ለቤተ ክርስቲያኑ ዜማ የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለዘፈኑ ሲሆን ማንኛውም ቅጂ ይበቃኛል ማለት የለበትም።

በዚህ ጥር ልጅ የምትድሩ የንፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ሰዎች፣ አዝማሪ ጥሩ። ሞንታርቦውን ከአዝማሪው ፊት ወደ እንግዳው አዙሩት እንጂ ከጀርባው አታቁሙት፤ ቤዙን ቀንሱ፣ ኢኮውን አጥፉ፣ ማይኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጉ። ያን ጊዜ አያፏጭም፣ ዳሱንም ይሞላል። ስቱዲዮ ያላችሁም በኪቦርድ ሥሩ፣ መብታችሁ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ግን «መሲንቆ» ብላችሁ አትጻፉበት። መሲንቆ መቺው በሕይወት አለ፤ ደውሉለት፣ ዋጋውንም ክፈሉት።