ኬላው ወደ ደጃችን መጥቷል

ልደታን ዛሬ ሰው የሚያውቃት በፍርድ ቤቷ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያኗና በኮንዶሚኒየሞቿ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ግን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከቤተሰቡ የሚለየው እዚሁ ልደታ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ከዚያ በፊት ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ ይወርድና መርከብ ይጠብቅ ነበር።

በመርከብ ዘመን ተጓዥ የሚመረመረው ሲደርስ ነበር። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለችው ኤሊስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1892 ተከፍታ በ1954 እስክትዘጋ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎባታል። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የመጣው እዚያው መርከቡ ላይ ጥቂት ተጠይቆ ይወርዳል። በመርከቡ ሆድ ታጭቆ የመጣው ድሃ ግን በጀልባ ተጭኖ ወደ ደሴቷ ይወሰዳል። ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ትራኮማ ይፈልጋል፤ የጠረጠረውን ሰው ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ቀጥሎ ሹሙ በመርከቡ መዝገብ የሰፈሩትን 29 ጥያቄዎች ይዞ ይጠብቀዋል፦ ስንት ብር ይዘሃል? የምታርፈው ማን ዘንድ ነው? ታስረህ ታውቃለህ?

እነ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት የኢትዮጵያ ልዑክ በ1911 ዓ.ም. አሜሪካ ሲደርስ እንደ መንግሥት እንግዳ ተቀብለውታል፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም አነጋግረውታል። ወደቡ ሰውን የሚቀበለው እንደ ማዕረጉ ነበር። ይህ ዛሬም ያስቆጣኛል።

ለዚያ አሠራር ግን የምመሰክርለት ነገር አለ። ደሴቷ ላይ አስተርጓሚዎች ነበሩ። የተጠረጠረ ሰው ጉዳዩን በልዩ መርማሪ ጉባኤ ፊት ያስረዳል፤ ቢፈረድበት ይግባኙ እስከ ዋሽንግተን ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ መጣበት የተመለሰው ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ነው።

ተመላሹን በራሳቸው ወጪ የሚወስዱት የመርከብ ኩባንያዎቹ ነበሩ። ስለዚህ ኪሳራውን ፈርተው ተሳፋሪውን ገና ሳይሳፈር ራሳቸው ይመረምሩት ጀመር። ቦሌ ላይ የአየር መንገድ ሠራተኛ ቪዛችንን ደጋግማ የምታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያለ ቪዛ ያሳፈረ አየር መንገድ ይቀጣል፣ ተጓዡንም መልሶ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ቪዛን በየአገሩ ላሉ ቆንስላዎች ሰጠ። ኬላው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ከተጓዡ ደጅ ተተከለ። የጥያቄው መስኮት ብቻ መጣ፤ ጉባኤውና ይግባኙ አብረው አልመጡም። ዛሬ ቪዛ የተከለከለ ወጣት ብዙ ጊዜ በእጁ የሚይዘው አንድ የሕግ አንቀጽ የተጠቀሰበት ወረቀት ነው። ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ይወጣል።

እንዲህ በሩ የተዘጋበት ሁሉ ቤቱ አይቀመጥም። አያቶቻችን ትኬት ይዘው መርከብ የጠበቁባት ጅቡቲ ዛሬም የባሕር መውጫችን ናት፤ ልጆቻችን ግን በረሃውን በእግር አቋርጠው፣ ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያሻግራቸው ደላላ ከ29ኙ ጥያቄዎች የሚጠይቀው የገንዘቡን ብቻ ነው። የተሳፋሪ መዝገብ ስለሌለ ጀልባዋ ስትሰጥም ማን እንደሞተ የሚናገር የለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን አጠገብ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሞቱ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የእኛው ልጆች ነበሩ። ስንቱ ቤት ለቅሶ ሳይቀመጥ ዛሬም ስልክ ይጠብቅ ይሆን?

በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደላላ ተከሶ መቀጣቱ ትክክል ነው፤ ሊጠናከርም ይገባል። አንድ ደላላ በመታሰሩ ግን የኦቦክ መንገድ አይዘጋም። ወጣቱ በሕጋዊው መንገድ ሲሞክር የሚገጥመውን መስኮት ካላሻሻልን ሌላ ደላላ ይተካል።

ስለዚህ ኤምባሲዎችን፣ የፓስፖርትና የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ጉዳይ የያዙ መሥሪያ ቤቶቻችንን የምጠይቀው ይህን ነው፦ የከለከላችሁትን ሰው ምን እንደጎደለው በሚገባው ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡት፤ አቤት የሚልበትንም ቦታ አሳዩት። የድሃ ልጅ ጉዳዩን ለመጨረስ ደጋግሞ አዲስ አበባ መመላለስ አይኖርበትም፤ አገልግሎቱን በየክልሉ አቅርቡለት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ስለ ጅቡቲ መንገድ ማውራት ሲጀምር ለደላላ የሚከፈል ብር አትበደሩለት። በሕጋዊው መንገድ ምን እንደሚያስፈልገው ከወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አብራችሁት ሄዳችሁ ጠይቁ።