አሳዳጊም እረፍት ያሻዋል

ዛሬ ስለ ልጅ አሳዳጊዎች እንነጋገራለን። ልጅ የሚያሳድገው የወለደ ብቻ አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ አለ። ይህ ቤተሰብ የአደራ ቤተሰብ ይባላል። አደራ ከባድ ነው። አደራ የተቀበለ ሰውም ይደክመዋል።

የአደራን ክብደት የሚያሳይ ታሪክ በደቡብ ኦሞ አለ። በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ ሚንጊ የሚባል ከጥንት የመጣ ልማድ ይታወቃል። የላይ ጥርሱ ከታች ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ሚንጊ ይባላል። መንታም ሚንጊ ይባላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ይገደል ወይም ጫካ ይጣል ነበር። እናቶቹ ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ልማዱን ፈርተው ነው።

ላሌ ላቡኮ የካራ ተወላጅ ነው። ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ በዚህ ልማድ መሞታቸውን በልጅነቱ ሰማ። ካደገ በኋላ ልማዱ እንዲቀር ሽማግሌዎችን ደጋግሞ ለመነ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱን አስቀሩ። ከሞት የተረፉ ብዙ ሕፃናት ጂንካ ከተማ በተከፈተ ቤት ውስጥ አደጉ። ሞግዚቶች አጠቧቸው፣ አበሏቸው፣ ትምህርት ቤት ላኳቸው።

እስቲ ልብ እንበል! ሕፃን ከሞት ማዳን የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ማሳደግ ግን የየቀኑ ሥራ ነው። ልጅ ይራባል፣ ይታመማል፣ ሌሊት ያለቅሳል። በ2010 ዓ.ም. አገራችን ልጆች ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ ወላጅ ያጡ ልጆቻችንን የምናሳድገው እኛው ነን።

ሰው ደግሞ ብረት አይደለም። እንቅልፍ ያጣች አሳዳጊ ቶሎ ትቆጣለች። ልጁን ትመታው ይሆናል። በመጨረሻም «አልቻልኩም፣ ውሰዱልኝ» ትል ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ቤት አጣ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አጭር እረፍት ነው። ሌላ የታመነ ቤተሰብ ልጁን ለአንድ ቀን፣ ለሁለት ቀን ወይም ለሳምንት ይይዝላታል። አሳዳጊዋ ትተኛለች፣ ትታከማለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ትወጣለች። ከዚያ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በእንግሊዝ አገር ከ2011 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ደንብ ወጥቷል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድጉ ሰዎች የአካባቢው አስተዳደር እንዲህ ያለ እረፍት ማዘጋጀት አለበት። ለኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወንፈል እናውቃለን። ዛሬ በኔ ማሳ፣ ነገ ባንተ ማሳ ነው። ታዲያ ልጅ መያዝስ በወንፈል ቢሆን ምን ቸገረ?

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

1. ተቀባዩ ልጁ የሚያውቀው ሰው ይሁን። ልጁ አስቀድሞ ከአሳዳጊው ጋር ሄዶ ቤቱን ይልመድ።

2. የመመለሻው ቀን ይቆረጥ። ለልጁም ይነገረው። በተባለው ቀን ይመለስ። ያልተነገረው ልጅ «ጣሉኝ» ብሎ ያዝናል።

3. ልጁ የሚበላው፣ የሚፈራውና የሚወስደው መድኃኒት ይነገር። መጻፍ ተምረናልና በወረቀት እንጻፈው።

4. ለከብት ጥበቃ ወይም ለቤት ሥራ ተብሎ ልጅ አይወሰድ። እረፍቱ የአሳዳጊው ነው፤ ልጁም ሠራተኛ አይደለም።

5. ልጁ በመንግሥት በኩል የተሰጠ አደራ ከሆነ፣ ጉዳዩን የያዘው የወረዳው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይወቅ።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ልጅም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ይከብዳል። ሰፈር ሲያግዝ ግን ልጁም ያድጋል፣ አሳዳጊውም ይበረታል።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
በሰፈራችሁ የሰው ልጅ የሚያሳድግ ማን አለ?
መጨረሻ ያረፈው መቼ ነው?
በዚህ ሳምንት ማን ያግዘው?