በ«ጠ» መሣቅ ይቅርብን

በቅርቡ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር የመጣ አንድ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ ተነሥቶ ሲናገር «ጠሎት» አለና ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ሣቂዎቹም እኛው ነን። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ አፉን አልከፈተም። ነገሩን ረጋ ብለን ስናስበው ግን ልናፍር የሚገባን እኛ ነን።

በእንግሊዝኛ ትምህርት የሰማነውን እናስታውስ። ላቲን «ፓቴር» የሚለውን እንግሊዝኛ «ፋዘር»፣ «ፒስኪስ» የሚለውንም «ፊሽ» ይለዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ሲሆኑ፣ ላቲን እንደ ጥንቱ ያቆየውን «ፐ» እንግሊዝኛ ወደ «ፈ» ለውጦታል። ጀርመናዊው ያዕቆብ ግሪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ይህ ለውጥ በዘፈቀደ ሳይሆን በሕግ የሚሄድ መሆኑን አስረዳ። ይህን በአድናቆት በደብተራችን ጻፍን እንጂ፣ እንግሊዞች «ፓቴር» ማለት አቅቷቸው ነው ብለን አልሣቅንም።

የእኛስ? ግዕዝ «ጸግበ» ሲል አማርኛ «ጠገበ»፣ «ጸምአ» ሲል «ጠማ»፣ «ጸልአ» ሲል «ጠላ»፣ «ጸብሐ» ሲል «ጠባ» ይላል። መስከረም ጠባ ስንል የሚሥቅብን አለን? ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛ የግዕዝ ቀጥተኛ ልጅ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው ይላሉ። «ጸሎት»፣ «ጾም»፣ «መጽሐፍ» የመሳሰሉት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከግዕዝ የገቡ ናቸው። የገጠሩ ሰው «ጠሎት»፣ «ጦም»፣ «መጣፍ» ሲል ቃሉን በገዛ ቋንቋው ሕግ አስተናገደው እንጂ አላበላሸውም።

እንግዲያው አጻጻፋችን ይለወጥ ወይ? የሚለን ቢኖር፣ አላልንም። ጽሕፈቱ እንደ ተለመደው ይቀጥል። የምንለው፣ ያላወቁትን ሕግ ስሕተት ማለት ለተማሪ አይገባም ነው።

አገራችን ጎጃም የነዲማ ጊዮርጊስ፣ የነዋሸራ፣ የነደብረ ኤልያስ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያጠና ሥሩን ይዞ እርባታውን እስከ ጫፍ ያወርደዋል። በዚያ ቤት ያለፉ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። ማኅበራችን አንድ ምሽት ያዘጋጅና እነርሱ የግዕዙን ግስ፣ የገጠሩ ልጆችም የአገራቸውን አነጋገር ይዘው ይቅረቡ፤ እኛም ደብተራችንን ዘርግተን እንቀመጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያን ጓደኛችንን ይቅርታ እንጠይቀው።