ክዳኑ የት ነው?

ሸዋ ሮቢት ቤት የሚገዛ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ግቢው ዛፍ አለው? ደላላውም መልሱን በቃሉ ይዞታል። አንዱን ጥያቄ ግን ማንም አያነሳውም፦ «የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን የት ነው?» የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ ሻጩ በእጁ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆም ያደርግና «እዚያ አካባቢ ነው» ይላል። እናንተዬ፣ «እዚያ አካባቢ» አድራሻ ነው እንዴ?

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ገበና መሸፈን እንወዳለን። ሴፕቲክ ታንኩ (በሰፈር አማርኛ «ሴፍቲ ታንከሩ») ተሠርቶ ሲያልቅ ክዳኑ ላይ አፈር ይደፋበታል። ከዓመት በኋላ አበባ ይተከልበታል። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ንጣፍ ይነጠፍበታል። የሠራው ግንበኛ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ያሠሩት አባወራ አርፈዋል። ቦታውን የሚያውቀው ሰው ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስንቱ ሰው ቤቱን ጥሎ እንደወጣ የምናውቅ እኛ፣ የሰው ጭንቅላት ብቻውን አስተማማኝ መዝገብ እንዳልሆነ ሊነገረን አይገባም ነበር።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ቆሻሻ ነው፣ ተቀብሮ ይቅር» የሚል አይጠፋም። አይቀርማ! ታንኩ ውስጥ ጠጣሩ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ፈሳሽ ብቻ ወደ ማስረጊያው ያልፋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተመጠጠ ጠጣሩም አብሮ ያልፍና ማስረጊያውን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ፍሳሹ መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል። ከደጋው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ሲጨመርበት ደግሞ የአንድ ግቢ ገበና የሰፈር ሁሉ በሽታ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሮቢት ቆላ ናት፤ ሰው የሚውለው ግቢው ውስጥ ነው። ቡና የሚፈላው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ እንግዳ የሚቀመጠው ዛፍ ሥር ነው። ፌሮው በእርጥበት የተበላ ኮንክሪት ደግሞ እየሳሳ እንደሆነ አይናገርም፤ አንድ ቀን ይደረመሳል። በዚያ ላይ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚሁ ጎረቤታችን የደረሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያልታየ ክዳን ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ በምን ይታወቃል?

እስቲ አሁን ወደ ፍለጋው። ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ወፍራሙ ቱቦ በየት በኩል እንደሚወጣ እዩና በዚያው አቅጣጫ ወደ ተዳፋቱ ተከተሉት። በበጋ ለብቻው የለመለመ ሣር፣ ሰርጎድ ያለ አፈር፣ የቆመ የአየር ማስወጫ ቱቦ ምልክቶች ናቸው። ቀጥሎ በቀጭን ፌሮ መሬቱን በየግማሽ እርምጃው ቀስ አድርጎ መውጋት ነው። ድንጋይ ከሆነ ፌሮው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ያልፋል፤ ኮንክሪት ከሆነ ግን ደጋግሞ እኩል ጥልቀት ላይ ይቆማል። በድጅኖ መደብደብ የለም! የሳሳ ክዳን ከነደብዳቢው ሊገባ ይችላል። ታንኩ ሁለት ክፍል ካለው ክዳኑም ሁለት ሊሆን ስለሚችል አንዱን አግኝታችሁ አትቁሙ።

ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት አይጫር፣ ሲጋራ አይለኮስ፣ ጭንቅላት አይግባ። ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው በትንፋሽ ሰው ይጥላል። በየጊዜው የምንሰማው አሳዛኝ ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ይገባል፣ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል። ስለዚህ ማንም፣ ለማንም ብሎ አይግባ።

የተገኘውን ክዳን መልሶ መቅበር ደግሞ ድካምን መቅበር ነው። አንገቱን በኮንክሪት ከፍ አድርጎ ከመሬት እኩል ማድረግ፣ ልጅ የማያነሳው ከባድ ክዳን መግጠም ይቻላል። «ይሸታል» ለሚሉ፣ በደንብ የተገጠመ ክዳንና ረጅም የአየር ማስወጫ ቱቦ ሽታውን ወደ ላይ ይወስደዋል። «ይሰረቃል» ለሚሉ ደግሞ፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚሰረቀው የብረት ክዳን ነው፤ ቆራሌው ኮንክሪት አይገዛም።

በመጨረሻም ወረቀት። ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ክዳኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ መጻፍ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ማስቀመጥ። ካርታችን የአጥራችንን ልክ በሴንቲሜትር ያውቃል፤ እግራችን ሥር ስላለው ጉድጓድ ግን ቃል አይተነፍስም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆቹን ይዞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሽንት ቤት እንድንሠራ ቤት ለቤት አስተምሮናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን ሳያስጸድቁ መገንባትን ከልክሏል። ማዘጋጃ ቤት በፈቃዱ ፋይል ላይ «የታንኩ ክዳን ከሁለት ማዕዘን ይህን ያህል ሜትር» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? ሻጭም በውሉ ላይ እንዲያሰፍራት ቢጠየቅ «እዚያ አካባቢ» የሚባለው መልስ ያበቃል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ሰው ይረሳል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል፤ ወረቀቱ ግን ይይዝልናል።

ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያስብበት ግን በዚህ ሰንበት ሜትርና ፌሮ ይዛችሁ ወደ ግቢያችሁ ውጡ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ጭቃው አያስቆፍርም።