የምስክር ወረቀትና የታጠበ እጅ

ከምግብ ቤት ገብተን ስንቀመጥ አስቀድመን የምናየው የገበታውን ጨርቅና የአስተናጋጁን ልብስ ነው። ወጡን የሠራውን ሰው እጅ ግን አናየውም፤ የምንበላውም ያን ያላየነውን እጅ አምነን ነው። ይህ እምነት ያለ ዋስትና እንዳይቀር ሲሉ ብዙ መንግሥታት ምግብ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዝዛሉ። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የወደድነው ያ ወረቀት ስለ ምን መመስከር እንደሚገባው ነው።

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የጤና ምርመራ ወረቀት ነው። ሠራተኛው ከጤና ጣቢያ ሄዶ ይመረመራል፤ ሐኪሙም ጤነኛ ነው ብሎ ይፈርምለታል። ነገሩ በበጎ አሳብ የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ጤነኛ የሆነ ሰው በሳምንቱ ሊታመም ይችላልና። ከዚህም በላይ ምንም ሕመም ሳይሰማው በሽታን ተሸክሞ የሚኖር ሰው አለ።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በኒው ዮርክ ትኖር የነበረች፣ ሜሪ ማለን የምትባል የአየርላንድ ተወላጅ ወጥ ቤት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ኦይስተር ቤይ በተባለ ስፍራ ትሠራበት በነበረው ቤት ከ11 ሰዎች 6ቱ ታይፎይድ በተባለው የአንጀት ተስቦ ታመሙ። ጆርጅ ሶፐር የተባለ የጤና ጥበቃ መሐንዲስ ነገሩን ሲከታተል፣ ሴቲቱ ቀድሞ በሠራችባቸው ሌሎች ቤቶችም ተስቦው ተነሥቶ እንደ ነበረ አገኘ። እርስዋ ግን ፍጹም ጤነኛ ትመስል ነበር። በ1907 ዓ.ም. ተይዛ በደሴት ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ በምርመራውም ተሐዋስያኑ አንድ ጊዜ ሲገኙ ሌላ ጊዜ ይጠፉ ነበር። በ1910 ዓ.ም. ዳግመኛ ምግብ እንዳትሠራ ቃል አስገብተው ለቀቁዋት። ልብስ በማጠብ ሥራ ገባች፤ ደመወዙ ግን ከወጥ ቤትነት ያነሰ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ስሟን ለውጣ በአንድ የወላዶች ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ 25 ሰዎች ታመሙ፤ 2ቱም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ወደ ደሴቲቱ ተመልሳ በ1938 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ በዚያው ቀረች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የአንድ ቀን ምርመራ ሊያሳስት መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ እንጀራውን እንደሚያጣ ያወቀ ሰው ሕመሙን የሚደብቅ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ሊቃውንትም በ1989 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በየጊዜው የሚደረገው የሕክምና ምርመራ በምግብ የሚመጣን በሽታ እንደማያስቀር፣ ሠራተኛውን ማስተማር ግን እንደሚበልጥ ገልጸዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ የምግብ ሠራተኛ በተቀጠረ በ14 ቀን ውስጥ ካርድ ማውጣት አለበት። ካርዱም የሚሰጠው ትምህርቱን ተከታትሎ ፈተናውን ላለፈ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅም ይታደሳል። እንዲህ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ሰውነት ሳይሆን ስለ ዕውቀት ነው።

ትምህርቱስ ምንድን ነው? ያው የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. በአምስት ነገር ጠቅልሎ አውጥቶታል፤ ይኸውም ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በሚገባ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ በንጹሕ ውኃና በንጹሕ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ነው። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ከሁሉ ይቀድማል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም። ሥጋው እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ይበስላል። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በገበታ ላይ አይቆይም፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተሐዋስያን ፈጥነው ይራባሉና። ድግስ የምናደርግ ሰዎች ይህን እናስብ፤ በትልቅ ድስት የተረፈ ወጥ እንዳለ ቢያድር መካከሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ወዲያው ማቀዝቀዝ፣ በማግሥቱም እስኪፈላ ማሞቅ ይገባል።

ነገር ግን ትምህርቱ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር ካልተጋጠመ ከንቱ ነው። ሳሙናና ውኃ በሌለበት ወጥ ቤት እጅህን ታጠብ ማለት ቀልድ ይሆናል። ተቅማጥ የያዛትን ሠራተኛ በቀረሽበት ቀን ደመወዝሽ ይቈረጣል የሚላት አሠሪም፣ ሕመሟን ደብቃ እንድትሠራ ራሱ ማስገደዱ ነው። ያቺ ሴት ሁለት ቀን ዐርፋ ደመወዟን ብታገኝ ጉዳቱ የሁለት ቀን ገንዘብ ነው፤ ታማ ብትሠራ ግን ጉዳቱ የብዙ ሰው ጤና፣ ምናልባትም የአንድ ሕፃን ሕይወት ነው።

እንግዲህ በየቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ፣ ምግብ ቤትም የከፈታችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ ወረቀቱን ከመጠየቃችሁ በፊት አስተምሩ፤ ሳሙናውንም አቅርቡ፤ የታመመውንም ያለ ፍርሃት አሳርፉ። የምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ እንግዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ግን የታጠበ እጅ ነው።